ከመስመሩ ወዲህ ያሉት

ኦስለር በምትባለው የአዮዋ መንደር በረዶው ከመሬት ሲጣበቅ የሚሞቅ ቦታ ሁለት ብቻ ነው፤ የላም በረትና የትምህርት ቤቱ አዳራሽ። አርሎ ሂንሪክስ በረቱን ይመርጣል። ላም አታጨበጭብም፤ ስለማታጨበጭብም አታዳላም።

ግን ማክሰኞና ዓርብ ልጁ ላቮን ስለምትጫወት፣ ላሞቹን ቶሎ አልቦ፣ ቦት ጫማውን ጠርጎ፣ ከሚስቱ ከኦርፋ ጋር ሄዶ ከአዳራሹ የመጨረሻው ላይኛ አግዳሚ ይቀመጣል። ከላይ የሚወጣው ጀርባውን ለግድግዳው ለመስጠት ነው። ከኋላው ሰው ሲንሾካሾክ አይወድም።

የሴቶቹ ቅርጫት ኳስ በዚያ አገር እንደ ወንዶቹ አልነበረም። ስድስት ስድስት ሆነው ነው የሚገቡት። ሜዳውን መሐል ለመሐል አንድ መስመር ይቆርጠዋል። ሦስት አጥቂዎች ከመስመሩ ወዲያ ሆነው ያገባሉ፤ ሦስት ተከላካዮች ከመስመሩ ወዲህ ሆነው ይከላከላሉ። ኳስ የያዘችው ሁለቴ ብቻ ታነጥርና ወይ ትወረውራለች፣ ወይ ታቀብላለች። መስመሩን ማንም አይሻገርም፤ የጫማ ጫፍ ካለፈ ፊሽካ ነው። ስለዚህ ተከላካይ የሆነች ልጅ አራት ዓመት ሙሉ ላቧን አፍስሳ፣ ጉልበቷን ልጣ፣ አንዲት ኳስ እንኳ ወደ ቅርጫት ሳትወረውር ትምህርቷን ትጨርሳለች። ሐሙስ ሐሙስ የሚወጣው ጋዜጣ ከአጥቂዎቹ ስም ጎን ያገቡትን ነጥብ ይጽፋል። ከተከላካዮቹ ስም ጎን የሚጽፈው የሠሩትን ጥፋት ብቻ ነው። ላቮን ሂንሪክስ፣ ጥፋት ሦስት። ላቮን ሂንሪክስ፣ ጥፋት አራት። አርሎ ይህን ባነበበ ቁጥር፣ "የኔ ልጅ ስም ፖሊስ ጣቢያ የተመዘገበ ነው የሚመስለው" ይላል።

አሠልጣኙ ድዌን ስሌተን የነጥብ ሰው ነበር። ጃኔል የምትባል አጥቂ አለችው፤ ክንዷ እንደ ሸምበቆ የሚተጣጠፍ፣ በአንድ ጨዋታ አርባ አምሳ የምታገባ። ልምምዱ አንድ ሰዓት ተኩል ከሆነ አንድ ሰዓት ከሩቡ የአጥቂዎቹ ነው። ተከላካዮቹ ያን ጊዜ ምን ይሠራሉ? ኳስ ይለቅማሉ። ጃኔል ትወረውራለች፣ እነሱ ሮጠው አንሥተው ይመልሱላታል።

አንድ ቀን የእህል ጎተራው ዘንድ፣ ሰዎች በቆሎ ለማስመዘን ተሰልፈው ሳለ፣ አንዱ "ኮች፣ መከላከሉንስ ምን አሰብክለት?" ብሎ ጠየቀው።

"ዘጠና ካገባን ማን ይደርስብናል?" አለ ድዌን።

"ዘጠና አንድ ያገባ" አለ አርሎ ከሚዛኑ አጠገብ።

ሰዉ ሳቀ። ድዌን አልሳቀም። አርሎም አልሳቀም።

በሁለቱ መካከል ያለው ነገር የቆየ ነው። ከሠላሳ ዓመት በፊት በዚያው አዳራሽ፣ በወንዶቹ ቡድን አብረው ተጫውተዋል። የአውራጃው ፍጻሜ ላይ አርሎ የተጋጣሚውን አንደኛ አግቢ እንደ መዥገር ተጣብቆበት በአራት ነጥብ አስቀረው። ድዌን አሥራ አንድ አገባ። ሰዉ ድዌንን ተሸክሞ፣ እሳት አደጋ መኪናው ላይ አውጥቶ፣ ዋናውን መንገድ ሦስት ጊዜ አዞረው። አርሎን "ና ውጣ" ያለው የለም። ላሞቹ ሳይታለቡ ስለቆዩ በእግሩ ወደ ቤቱ ሄደ። ጋዜጣው ስሙን "አርኖ ሄንድሪክ" ብሎ አወጣው። ከዚያ ድዌን ኮሌጅ ገባ፤ የአርሎ አባት ደግሞ ጀርባውን ታሞ ተኛና አርሎ የመጨረሻውን ዓመት ሳይጨርስ ከትምህርት ቤት ቀረ። ድዌን ይህን ሁሉ ረስቶታል፤ ቢያንስ የረሳ ይመስላል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

እንግዲህ በፈረንጆቹ 1968 ጥር ላይ ኦስለሮች ክሌመንት ወደምትባለው ከተማ ሄደው ዘጠና ሁለት አገቡ። ዘጠና ሁለት! ተሸነፉም። ክሌመንቶች ዘጠና ስምንት አግብተው ነበር። ከዘጠና ስምንቱ ስድሳ አንዱን ያገባችው ግሬታ ቦልክ የምትባል፣ በር ስትገባ ጎንበስ የምትል ልጃገረድ ናት። ግሬታን ትጠብቅ የነበረችው ደግሞ ላቮን ናት።

ሲመለሱ ፒካፑ ውስጥ ላቮን በአባቷና በእናቷ መሐል ተቀመጠች። ኦርፋ ጓንቷን አውልቃ የልጇን እጅ ያዘች። አርሎ መሪውን ያዘ። ሌላ የሚይዘው አላገኘም።

በማግሥቱ ጎተራው ዘንድ ዌንደል የሚባለው ሚዛን ያዥ፣ አፉ ሥራ ፈትቶ የማያውቀው፣ አርሎን ከሩቅ ሲያየው ጮኸ። "አርሎ! የልጅህ በረት በር የለውም እንዴ? ያቺ የክሌመንቷ ጊደር ስትገባ ስትወጣ አመሸች እኮ!"

በዚያ የነበረ ሁሉ ሆዱን ይዞ ሳቀ። አርሎ መኖውን ሳይጭን ተመለሰ።

ማታ የአሳማ ሥጋና የተጋገረ ድንች ቀርቦ፣ ማንም ገና ሳይጎርስ፣ "ከነገ ጀምሮ አትሄጂም" አለ።

ላቮን ሹካዋን አስቀመጠች። "የት?"

"ልምምድ። እኔ ኳስ ለቃሚ አላሳደግሁም።"

"አባዬ፣ ውድድሩ ሊጀመር ሦስት ሳምንት ነው የቀረው።"

"ይጀመራ! ጃኔል ታግባ፣ ጃኔል ትከላከል፣ ሲያልቅም ጃኔል አዳራሹን ትጥረግ።"

ላቮን ስትናደድ አትጮኽም፤ ድምጿ ይቀንሳል። ከእናቷ የወረሰችው ነው። "ስድሳ አንዱ የገባው በኔ ላይ ነው" አለች። "ይሄ የመጨረሻ ዓመቴ ነው። ካሸነፍን ፍጻሜው ላይ ክሌመንትን እንደገና እናገኛለን። አሁን ብተወው ሰው እኔን የሚያስታውሰኝ በስድሳ አንድ ነው። በስድሳ አንድ መጨረስ አልፈልግም፣ አባዬ። አንድ ጊዜ ብቻ ላቁማት። ከዚያ በኋላ ኳስ የሚባል ነገር ባላይም ግድ የለኝም።"

"ማን አስተምሮሽ ነው የምታቆሚያት? ድዌን?"

ላቮን ተነሥታ ሳህኗን አጥባ ወደ ክፍሏ ወጣች።

ኦርፋ ደረጃው ጸጥ እስኪል ጠብቃ፣ "አንተ ሰውዬ" አለችው። "ያንተ ቂም ሠላሳ ዓመቱ ነው። ልጅቷ አሥራ ሰባት ናት። አታጋባቸው።"

"አስብበታለሁ" አለ አርሎ። በዚያ ቤት "አስብበታለሁ" ማለት እንቢ ማለት ነው።

ላቮን ሁለት ቀን ከልምምድ ቀረች። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ የድዌን መኪና ግቢው ውስጥ ገባ። አርሎ አካፋውን ይዞ ከበረቱ ወጣ። ስለ በረዶው አወሩ። ስለ በቆሎ ዋጋ አወሩ። አንድ የሞተ ጎረቤት በሕይወቱ ሳለ ስለነበረበት የጉልበት ሕመም አወሩ። እዚያ አገር ሰው የመጣበትን ጉዳይ የሚያነሣው ሊሄድ ሲል ነውና፣ ድዌን የመኪናውን በር እጀታ ከያዘ በኋላ፣ "ላቮን ታማለች እንዴ?" አለ።

"ደህና ናት።"

"ሁለት ቀን ቀረች።"

"አዎ።"

ድዌን ባርኔጣውን አውልቆ ውስጡን ተመለከተው፤ የሚናገረው ነገር እዚያ የተጻፈ ይመስል። "ያን ዓመት፣ ፍጻሜው ላይ..."

"አትጀምር።"

"የምልህ፣ አንተ ያን ዕለት ያደረግኸውን ለልጆቹ የሚያሳያቸው ሰው ቢኖር..."

"ኮሌጅ የሄድከው አንተ ነህ። አሳያቸው።"

"እኔ ማግባት እንጂ ሌላ አላውቅም፣ አርሎ።"

ይህን ያለው ዝቅ ባለ ድምፅ ነው። አርሎ ከዚህ ሰው አፍ እውነት ሲወጣ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማው ያኔ ነው። ደስ ሊለው ይገባ ነበር፤ ግን ሠላሳ ዓመት የተቀቀለ ነገር በአንድ ቃል አይወርድም። "ይህን ለማወቅ ረጅም ጊዜ ፈጀብህ" ብሎ አካፋውን አንሥቶ ገባ። የመኪናው ድምፅ ራቀ።

ላቮን የበረቱ በር ጀርባ ባልዲ ይዛ ቆማ ሁሉን ሰምታለች። አባቷ አያት፤ እሷም አየችው።  ከዚያ የሆነ ነገር በውጭ በኩል አለፈ። ሌላም አለፈ። ብቅ ቢሉ አራት ጊደሮች በረዶውን እየረገጡ ወደ ዋናው መንገድ ይሄዳሉ። የመኪናው መውጫ በጊደሮቹ አጥር ስለሚያልፍ፣ ድዌን ሲወጣ የግቢውንም የጊደሮቹንም በር ከፍቶ ነበር የሄደው።

በገበሬ አገር የሰው በር ከፍቶ መሄድ ስድብ ነው። ሕፃን እንኳ አያደርገውም። ድዌን ግን ያደገው መንደሩ መሐል፣ ከብት በሌለበት ቤት ነው።

"ይሄ ሰው" አለ አርሎ እየሮጠ፣ "በሕይወቱ በር ዘግቶ አያውቅም! ላቮን! የመንገዱን በር ያዢ! እኔ በጎን እዞራለሁ!"

ላቮን ደርሳ ክፍተቱ ላይ ቆመች። ጠባቂ ውሻቸው ካረጀ ወዲህ ይህን ሥራ የሚሠራው ሰው ነው። የመጀመሪያዋ ጊደር፣ ግንባሯ ላይ ነጭ ያላት፣ ወደ ቀኝ አየች፤ ላቮን ወደ ቀኝ ዘለለች፤ ጊደሯ በግራዋ ውልቅ ብላ ሄደች።

"ዓይኗን እያየሽ ነው!" ጮኸ አርሎ።

"ታዲያ ምኗን ልይ?"

"ዓይን ይዋሻል! ጭንቅላትም ይዋሻል! ወገቧን እዪ። ወገቧ ያልሄደበት እሷ አትሄድም። አትዝለዪባት። ልትሄድ ወደፈለገችበት ቀድመሽ ቁሚና እጅሽን ዘርጊ። ከዚያ ራሷ ትተወዋለች።"

ሁለተኛዋ መጣች። አንገቷን ወዲህ ወዲያ አለች። ላቮን አንገቱን ተወችው። ጉልበቷን አጠፈች፣ እጇን ዘረጋች፣ እንደ ሸርጣን አንድ እርምጃ ወደ ጎን ሄዳ ቆመች። ጊደሯ ፊቷ ድረስ ደርሳ እንፋሎቷን ለቀቀችባት። ከዚያ የተሸነፈች አሮጊት ይመስል ዞር ብላ ወደ በረቱ ሄደች። ሦስተኛዋም ተመለሰች። አራተኛዋ ሙከራም አላደረገች።

የመጀመሪያዋን ከመንገድ አምጥተው በሩን ከዘጉ በኋላ፣ ላቮን በሩን ተደግፋ እየተነፈሰች ቀረች። የምታስበውን ጨረሰችና፣ "አባዬ፣ ግሬታ ሁልጊዜ ወደ ቀኝ እያየች ወደ ግራ ነው የምትሄደው" አለች።

አርሎ የበሩን መቀርቀሪያ ዳግመኛ ነካ ነካ አደረገ።

"ያን ልጅ በአራት ነጥብ ያስቀረኸው እንዲህ ነው?"

በሠላሳ ዓመት ውስጥ አርሎን ይህን የጠየቀው ሰው አልነበረም። "አስቀርተኸው ነበር አሉ" ያሉት አሉ። "ድዌን እኮ ያን ዕለት" ያሉት ብዙ ናቸው። እንዴት አድርገህ ያለው የለም። አርሎ ጓንቱን አወለቀ፤ መልሶ አጠለቀ። 

"እንዲሁ ነው" አለ። "ልጁ ደግሞ ኳስ ከመያዙ በፊት ምራቁን ይውጥ ነበር። ማንቁርቱ ከፍ ዝቅ ሲል አየዋለሁ። ማንም አላወቀም።"

"ለማንም አልነገርክም?"

"ማን ጠየቀኝና?"

"እኔ ጠየቅሁህ" አለች ላቮን። "ለትዋይላና ለማርቫም አሳያቸው። እኔ ብቻዬን ሦስት በር አልዘጋም።"

ቅዳሜ ጠዋት ሁለቱ ተከላካዮች በትዋይላ አባት መኪና መጡ። ማርቫ የገበሬ ልጅ ናት፤ አሳማ እንጂ ላም የላቸውም። ትዋይላ የፀጉር አስተካካዩ ልጅ ናት፤ ላም የምታውቀው በወተት ጠርሙስ ነው። ከወንድሟ የተዋሰችውን ቦት ጫማ እየጎተተች ክፍተቱ ላይ ቆማ፣ "አቶ ሂንሪክስ፣ ይህቺ ትናከሳለች?" ብላ ጠየቀች።

"እሑድ እሑድ ብቻ።"

"እውነትዎን ነው?"

"ወገቧን እዪ፣ ልጄ።"

የመጀመሪያው ቅዳሜ ጊደሮቹ ባለፉባቸው ቁጥር አርሎ ባርኔጣውን መሬት ላይ እየወረወረ ሃያ ጊዜ አነሣው። ማርቫ እበት ላይ በጀርባዋ ተዘረረች፤ ላቮን ልታነሣት ሄዳ አብራት ወደቀች። ትዋይላ ባለ ነጭ ግንባሯን ጊደር "ግሬታ" ብላ ጠራቻት፤ ስሙም በዚያው ቀረላት። ኦርፋ ከማእድ ቤቱ መስኮት ሆና ስታይ፣ ባሏ ከሠርጋቸው ወዲህ ያልሰማችውን ሳቅ ሲስቅ ሰማችው። ምንም አላለችም፤ ትኩስ ቸኮላትና የፖም ፓይ አቀረበች። እንዲህ ያለውን ነገር ከተናገሩበት ይሸሻል።

በሁለተኛው ቅዳሜ ሦስቱ እየተጠራሩ መዞር ጀመሩ። አንዷ ስታልፍባት ሌላዋ ትሞላለች። "ብቻዋን የምትከላከል ልጅ የለችም" አላቸው አርሎ። "እኔ ብቻዬን ነበርኩ፤ ለዚህ ነው የደከመኝ።" በሦስተኛው ቅዳሜ ጊደሮቹ ክፍተቱን ሲያዩ ገና ከሩቁ ይመለሱ ነበር። ላቮንም ወደ ልምምድ ተመልሳለች። አባቷ "ሂጂ" አላላትም፤ ሰኞ ጠዋት የስፖርት ጫማዋን ምድጃው አጠገብ አሙቆ አስቀመጠላት።

ድዌን ምን እየሆነ እንዳለ አልጠየቀም። አዳራሹ ግን በረት በረት ሸተተ። አንድ ረቡዕ ጃኔል በተከላካዮቿ ላይ ሰባት ኳስ ሞክራ ሰባቱንም ሳተች። "ኮች፣ እነዚህ ልጆች ምን ነካቸው?" ብላ እጇን ወገቧ ላይ ጫነች። ድዌን ፊሽካውን ከአፉ አወጣ። "ኳሱን ዛሬ እናንተ አጥቂዎቹ ልቀሙ" አለ።

ፍጻሜው በየካቲት መጨረሻ፣ ማክሰኞ ዕለት፣ የኦስለርም የክሌመንትም ባልሆነ ሌላ ከተማ አዳራሽ ተደረገ። ያሸነፈ ወደ ዴ ሞይን፣ ወደ ትልቁ ውድድር ይሄዳል። ኦስለር ውስጥ የቀሩት ስልክ ቤቱን የምትጠብቀው ሴትና ታማሚዎቹ ብቻ ነበሩ ይባላል።

ያን ዕለት ጃኔልን ኳሷ እንቢ አለቻት። ክሌመንቶች ሁለት ሁለት ሆነው ጠፍረዋታል፤ ሃያ ስምንት አገባች። ለሌላ ሰው ሃያ ስምንት ብዙ ነው፤ ለጃኔል ግን ግማሽ ቀን ነው። የድዌን የዘጠና ቡድን አራተኛው ሩብ ሲጋመስ ሃምሳ አንድ ላይ ነበር። እንደ ጥር ቢሆን ኖሮ በዚያ ሰዓት በሠላሳ ተቀድመው ሰዉ ኮቱን ይለብስ ነበር።

ክሌመንቶችም ግን ሃምሳ ላይ ነበሩ።

ግሬታ ኳስ ትቀበላለች፤ ወደ ቀኝ ታያለች፤ ላቮን ግራዋ ላይ ቆማ ታገኛታለች። ሁለቴ ታነጥራለች፤ ከዚያ በላይ አይፈቀድላትም፤ ጀርባዋን ሰጥታ ትገፋለች፤ ላቮን አትዘልም፣ አትነካትም፣ ብቻ ቦታውን ቀድማ ይዛለች። ትዋይላና ማርቫ ከሁለት ጎን ይመጣሉ። ኳሱ ይመለሳል። አንዴ ግሬታ በብስጭት፣ "አንቺ፣ በር ነሽ እንዴ?" አለቻት። ላቮን ትንፋሽ ስላልነበራት አልመለሰችላትም፤ በኋላ ግን ለእናቷ ስትነግራት ሳቀች። ስድሳ አንድ ያገባችው ልጅ አሥራ ሰባት ላይ ቆመች።

አርሎ ከላይ አግዳሚ ተቀምጦ አንድም አላጨበጨበም። እጆቹ ጉልበቱ ላይ ናቸው፤ ጉልበቱ ወደ ጎን፣ ወደ ጎን ይላል። ኦርፋ ጭኑን ጫን አድርጋ፣ "አርሎ፣ አግዳሚው ላይ ሰው አለ" አለችው።

አሥራ አምስት ሰከንድ ሲቀር ኦስለር ሃምሳ ሰባት፣ ክሌመንት ሃምሳ ስድስት። ኳሱ የክሌመንት ነው። ሁሉም ወደ ማን እንደሚሄድ ያውቃል። ግሬታ ተቀበለች። ወደ ቀኝ አየች። ከዚያ፣ ትምህርት ገብቷት፣ በእውነትም ወደ ቀኝ ሄደች። አርሎ ከአግዳሚው ብድግ አለ። ላቮን ግን ዓይኗን አላየችም ነበርና ቀኙ ላይ ቆማለች። አንድ ማንጠር። ሁለት። ግሬታ መሄጃ የላትም። ኳሱን ከራሷ በላይ አንሥታ ለጓደኛዋ ወረወረችው፤ ትዋይላ፣ ላም ትናከሳለች ወይ ብላ የጠየቀችው ትዋይላ፣ መሐል ገብታ ቀለበችው።

"ላቮን!" ብላ ወረወረችላት።

ላቮን ሁለቴ አንጥራ መስመሩ ጫፍ ደረሰች። ከወዲያ ጃኔል እጇን እያውለበለበች ነው፤ ሁለት ሰው ተጣብቆባታል። አራት ሰከንድ። ብትወረውር ሊነጠቅ ነው። ከኋላ ግሬታ እየመጣች ነው። ላቮን አልወረወረችም። ኳሱን እንደ ተወለደ ጥጃ በሁለት ክንዷ አቅፋ፣ ጎንበስ ብላ፣ የጫማዋን ጫፍ ከመስመሩ አንድ ጣት ወዲህ ተክላ ቆመች። ደወሉ ጮኸ።

ሰዉ እንደ ጎርፍ ወረደ። የት ሄደ? ወደ ልማዱ፤ ወደ አጥቂዎቹ። ጃኔልን አነሧት። ከመስመሩ ወዲህ ሦስት ልጆች ብቻቸውን ቀሩ። ትዋይላና ማርቫ ተቃቅፈው ያለቅሳሉ። ላቮን ኳሱን እንዳቀፈች፣ ጫማዋን ከመስመሩ ሳታሳልፍ ቆማለች። ጨዋታው አልቋል፤ ፊሽካ የሚነፋባት የለም፤ ግን አራት ዓመት የለመደ እግር ዝም ብሎ አይሻገርም።

አርሎ ከላይ ሆኖ ይህን አየ። የሠላሳ ዓመቱን የእግር መንገድ፣ በረዶውን፣ ያልታለቡትን ላሞች አየ። ከዚያ ሰዉን በክርኑ እየገፋ ወረደ። ሜዳው ዳር ሲደርስ ቆመ። በዚያ አገር የአዳራሽ ወለል ላይ በውጭ ጫማ አይወጣም፤ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ባርኔጣ እንደማይደረገው ነው። ጎንበስ ብሎ የቦት ጫማውን ማሰሪያ መፍታት ጀመረ። ማሰሪያው እንቢ ይላል። ፈታ። በካልሲው ወለሉን አቋርጦ ሄደ። የቀኝ ካልሲው አውራ ጣቱ ላይ የቀዳዳ መስኮት ነበረው፤ ኦርፋ ከላይ ሆና ፊቷን በእጇ ሸፈነች።

"አባዬ" አለች ላቮን፣ "ካልሲህ!"

"ተዪው" አለና አቀፋት። ኳሱ መሐላቸው ነበር። አልለቀቀችውም፤ እሱም አላስለቀቃትም።

መስመሩን መጀመሪያ የተሻገረችው ጃኔል ናት። ከተሸካሚዎቿ ትከሻ ወርዳ፣ ሰዉን ጥሳ መጣች። "ሃያ ስምንት ብቻ አግብቼ አሸነፍኩ!" አለች ሦስቱንም አንድ ላይ እየጠቀለለች። "እናንተ እኮ ሰው ታሳርፋላችሁ!"

ድዌን ከኋላዋ መጣ። አርሎ ፊት ቆሞ ባርኔጣውን አወለቀ፤ እንደ ልማዱ ውስጡን አየ። ይቅርታ የሚባለውን ቃል ያን ዕለት አላለም። ከዚያ በኋላም ሲል የሰማው የለም። ሁሉም ዕዳ አይከፈልም።

"ዴ ሞይን በሚቀጥለው ሳምንት ነው" አለ። "ጊደሮችህን ታውሰኛለህ?"

"ጊደር አላውስም" አለ አርሎ። "ልጆቹን ቅዳሜ ላካቸው።" ጥቂት ቆየና፣ "አንተም ና። በሩን ግን ዝጋ" አለ።

ሐሙስ ጠዋት ጋዜጣው መጣ። አርሎ ከማለብ ተመልሶ፣ እጁን ሳይታጠብ፣ ማእድ ቤት ውስጥ ዘረጋው። ርዕሱ ጃኔል ናት፤ ፎቶውም ጃኔል ናት። ሌላ ጊዜ ቢሆን ጨምድዶ ምድጃ ውስጥ ይከተው ነበር። ጣቱን ወደታች ወደ ትንንሾቹ ፊደላት አወረደና የሚፈልገውን አገኘ። ላቮን ሂንሪክስ፣ ጥፋት አንድ።

መነጽሩን አስተካከለ። እንደገና አነበበው። ለመጀመሪያ ጊዜ ይህች ቁጥር የምትለውን ሰማ፤ ያቺን የምታህል ልጅ ሠላሳ ሁለት ደቂቃ ሙሉ ጠብቆ አንዴ ብቻ መንካት።

ላቮን ለትምህርት ቤት ለብሳ ደረጃውን ስትወርድ አባቷን ጋዜጣው ላይ ተደፍቶ አገኘችው። እናቷን አየች፤ እናቷ ትከሻዋን ነቀነቀች።

"አንዷ በየትኛው ሩብ ናት?" አለ አርሎ ቀና ሳይል።

ላቮን ዳቦዋን ቅቤ እየቀባች ፈገግ አለች። "በሦስተኛው።"

"እንዴት አመለጠችሽ?"

"ዓይኗን አየሁት" አለች።

"አየሽ!" አለ አርሎ፣ ወንበሩን ወደ እሷ እየሳበ። "ቁጭ በዪ እስቲ። አውቶብሱ ሳይመጣ ከመጀመሪያው ንገሪኝ።"